የሦስት ወር ውል ሲደጋገም፦ የአንድ ዳቦና ኬክ ቤት የጉዳይ ጥናት

ስለ ጉዳዩ

ይህ ጉዳይ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ዳቦና ኬክ ቤት የሆነ ነው። የድርጅቱም የሰዎቹም ስም አይጠቀስም። ስለ ደመወዝ ሳወራ የምጠቀምበት ቁጥር ለስሌት እንዲመች የተመረጠ ነው፤ የማንም ትክክለኛ ደመወዝ አይደለም። እኔ የገባሁት ከውጭ፣ የሠራተኛ አስተዳደሩን እንዳይ ተጠርቼ ነው።

መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩት ጉዳዩ በጣም የተለመደ ስለሆነ ነው። ብዙ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ሠራተኛ የሚቀጥሩት በዚሁ መንገድ ነው። ከሆነ ወዳጅ የተገኘ የውል ቅጽ ፎቶ ኮፒ ቤት ይባዛል። ከዚያ ጋጋሪውም ካሸሯም እዚያው ላይ ይፈርማሉ።

ቤቱና ሰዎቹ

ድርጅቱ የቤተሰብ ነው። ባለቤቷን ሠራተኞቹ «እትዬ» ይሏቸዋል። ኬክ ክፍሉንና ገንዘቡን የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው። ወንድማቸው ፉርኖ ዱቄትና ስኳር ግዢውን፣ እንዲሁም ለሆቴልና ለሱቅ የሚከፋፈለውን ዳቦ ይይዛል። ሠራተኞቹ ወደ 30 ይጠጋሉ።

እነዚህ ሰዎች በስንት ዓይነት መንገድ ተቀጥረው እንደነበር ስንጽፍ እትዬ ራሳቸው ገረማቸው። ሊጥ አቡኪዎቹና ዳቦ ጋጋሪዎቹ ምንም ወረቀት የላቸውም፤ የሚከፈላቸው በኩንታል ነው። ኬክ ሠሪዎች፣ አስተናጋጆችና ካሸሮች በየሦስት ወሩ የሚታደስ ውል ይፈርማሉ። ዳቦ አከፋፋዮቹ በኮሚሽን ይሠራሉ። ትሪ የሚያጥቡና ዱቄት የሚያወርዱ ልጆች ደግሞ «ተለማማጅ» ይባላሉ፤ ምሳና የታክሲ ይሰጣቸዋል። ጥበቃዎቹ የመጡት ከኤጀንሲ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው በወር አንዴ ሁለቴ ብቅ ይላል። የቋሚነት ደብዳቤ በእጁ ያለው ሾፌሩና አንዲት አንጋፋ ካሸር ብቻ ነበሩ።

የሦስት ወሩ ውል ያለ ምክንያት አልመጣም። ኬክ ቤት የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ቅቤ፣ እንቁላልና ክሬም ያለበት ነገር የሚገዛው ሰው በጣም ይቀንሳል። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሲጀምር ደግሞ ሌሊትም ቀንም ቢሠራ አይደርስም። ጥር ላይም እንዲሁ ነው። «ጾም ሲገባ ኬክ ሠሪዎቹን አስቀምጬ ከየት አምጥቼ ልክፈል?» አሉኝ እትዬ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን እሳቸው የመረጡት አልነበረም።

ሁለተኛ ምክንያትም ነበራቸው፤ ይሄኛው ወሬ ነው። «ቋሚ ካደረግሽው ማሰናበት አይቻልም» ብሎ የነገራቸው ሰው ነበር። ይህን ወሬ በብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ።

ጉዳዩ የፈነዳው እንዴት ነው?

አንዲት ቶርታ የምታስጌጥ ወጣት ነበረች። የቤቱ ስም የወጣው በእሷ እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሦስት ወር ውል እየተከታተለ ፈርማለች። ከዚያ አረገዘች። የወሊድ ፈቃድ ስትጠይቅ ውሏ በወሩ መጨረሻ እንደሚያበቃና እንደማይታደስ ተነገራት።

እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም። «ወልደሽ ስትነሺ ነይ፣ ቦታሽ የትም አይሄድም» ብለዋታል። ለገንፎም የሚሆን ገንዘብ ሊሰጧት አስበው ነበር። ልጅቷ ግን እንዲህ መለሰች፦ «እትዬ፣ ገንፎውን እናቴ ትሠራልኛለች። እኔ የምፈልገው ፈቃዴን ነው።»

ከዚያ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው መንግሥት ቢሮ ሄዳ ተማከረች። ስትመለስ የአዋጁን ቁጥርና አንቀጾቹን በወረቀት ጽፋ፣ ከአክስቷ ጋር መጣች። እኔ የተጠራሁት በማግስቱ ነው። የተጠየቅኩትም «እንዴት እናሰናብታት?» ነበር።

ሕጉ የሚያየው ምኑን ነው?

የግል ድርጅት ሠራተኛን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የዚህ ቤት ችግር በሙሉ የተንጠለጠለው በሁለት አንቀጾች ላይ ነው።

አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። መነሻው ይህ ነው። ቋሚነት በደብዳቤ የሚሰጥ ሹመት አይደለም፤ ካልተነካ በራሱ ያለ ነገር ነው። አንቀጽ 10 ደግሞ ከዚህ የሚወጡትን ይዘረዝራል። ሠራተኛ ተቀጥሮ የሚያጠናቅቀው የተለየ ሥራ ሲሆን፣ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረ ሰው ሲተካ፣ ከወትሮው የበዛ የሥራ ጫና ሲመጣ፣ አደጋ ለመከላከል ወይም ብልሽት ለመጠገን አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ በየዓመቱ በታወቀ ወቅት የሚመጣ ሥራ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ የሚሠራ ሥራ ሲሆን። ቋሚ ሠራተኛ በድንገት ለቆ ቦታው ክፍት ከሆነም በጊዜያዊነት መቅጠር ይቻላል። ይህ ግን ከ45 ተከታታይ ቀን መብለጥ የለበትም፤ የሚፈቀደውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቶርታ ማስጌጥ ከእነዚህ በየትኛው ይገባል? በየትኛውም አይገባም። ኬክ ቤት ዓመቱን ሙሉ ቶርታ ይሸጣል። ጾም ላይ ሽያጩ ይወርዳል እንጂ ሥራው አይቆምም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ለሦስት ወር» ተብሎ ስምንት ጊዜም ቢጻፍ የልጅቷ ውል ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ነው። ማደሱ ራሱ ሥራው የማያቋርጥ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆናል። ድርጅቱ የእያንዳንዱን ውል ቅጂ በጥንቃቄ ፋይል አድርጎ ማስቀመጡ ለክርክር ቢደርስ የሚጠቅመው እሷን ነበር።

እርግዝናው ደግሞ ነገሩን አጥብቆታል። አዋጁ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች እስከ አራት ወር ድረስ ማሰናበትን ይከለክላል። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። ደመወዝ ይከፈልበታል።

«ቋሚን ማሰናበት አይቻልም» ለሚለው ወሬም መልሱ እዚያው አዋጅ ውስጥ አለ። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቀዳል፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። በዚያ ጊዜ ሰውየው ለሥራው አለመስማማቱ ከታየ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ መለያየት ይቻላል። ከዚያም በኋላ በጥፋት፣ በችሎታ ማነስ ወይም በሥራ መቀነስ ማሰናበት ይቻላል። ምክንያትና ሥርዓት ብቻ ይፈልጋል። ይህ ቤት ስምንት ጊዜ ውል ሲያድስ አንድ ጊዜ እንኳ የሙከራ ጊዜ አልጻፈም።

የተወሰዱት እርምጃዎች

*መጀመሪያ ሒሳቡ።* ለእትዬ ሕግ ከማንበብ ይልቅ ወረቀት ላይ ማስላት መረጥን። የልጅቷ ደመወዝ 9,000 ብር ቢሆንና ከሥራ መሰናበቷ ሕገ ወጥ ተብሎ ወደ ሥራ ባትመለስ፣ ካሳው የቀን ደመወዟ 180 እጥፍ ነው፤ 54,000 ብር። አገልግሎቷ ከአንድ ዓመት በላይ ስለሆነ የማስጠንቀቂያው ሁለት ወር 18,000 ብር ነው። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ለሁለተኛው የዚያ አንድ ሦስተኛ ተጨምሮ 12,000 ብር ይመጣል። ድምሩ 84,000 ብር። የአራት ወር የወሊድ ፈቃዱ ግን 36,000 ብር ነው፤ ከዚያም ምርጥ ሠራተኛቸው ትመለሳለች። እትዬ ካልኩሌተሩን ራሳቸው ደገሙት። ጉዳዩ በዚያው ቀን አለቀ ማለት ይቻላል። ልጅቷ ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ያላት አገልግሎት የተቆጠረበት ደብዳቤ ተሰጥቷት ፈቃድ ወጣች።

በእሷ ቦታ የፈቃዱ ጊዜ እስኪያልቅ ሌላ ልጅ ተቀጠረች። የተተኪዋ ውል በትክክል ለተወሰነ ጊዜ ነበር፤ በፈቃድ ላይ ያለችውን እገሊትን ለመተካት የሚል ምክንያት ተጽፎበታል። ያው የኮንትራት ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው ዋለ።

*ቀጥሎ የሥራ ሰዓቱ።* የቀሩትን ውሎች ከመንካታችን በፊት ማን መቼ እንደሚገባና እንደሚወጣ መሳል ነበረብን። የሰዓት መቆጣጠሪያ የላቸውም። ያዳነን የጥበቃዎቹ የበር መዝገብ ነው። በሠራተኞቹ ፍተሻ ምክንያት የገባና የወጣ ሁሉ ሰዓቱ ይጻፋል።

ጋጋሪዎቹ ምሽት 1 ሰዓት ገብተው ጠዋት 1 ሰዓት ይወጣሉ። 12 ሰዓት ማለት ነው። በሳምንት ስድስት ሌሊት፣ አንዳንዴ ሰባት። የመደበኛ ሥራ ሰዓት ጣሪያ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 መብለጥ አይችልም። እነዚህ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ትርፍ ይሠሩ ነበር። ቢከፈላቸው እንኳ ከጣሪያው በላይ ነው። አልተከፈላቸውምም፤ «በኩንታል ነው የሚሠሩት» ተብሎ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በኩንታል መክፈል ደመወዝ የሚሰላበት መንገድ ነው፤ የውል ዓይነት አይደለም። አዋጁ «ለተወሰነ ሥራ» የሚለው ሲያልቅ የሚያልቅ ሥራን ነው፤ አንድ ሕንፃ ቀለም መቀባት፣ አንድ ምድጃ መትከል። ዳቦ መጋገር አያልቅም፤ ነገም ይጋገራል። ስለዚህ በኩንታል የሚከፈለው ጋጋሪ ወረቀት ባይኖረውም ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው። የዓመት ፈቃድ አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን። የሳምንት ዕረፍት አለው፤ ከ24 ተከታታይ ሰዓት የማያንስ። የጽሑፍ ውል ባይኖረው እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ሊሰጠው ይገባ ነበር። ያን አለማድረጉ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም።

የመብራቱ ነገርም ነበር። መብራት ሲጠፋ ሊጡ ይበላሻል፣ ምድጃው ይቀዘቅዛል፣ ጋጋሪዎቹ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ኩንታል ስላልወጣ ክፍያ የለም። አንቀጽ 54 ግን ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ከቀረ ደመወዙን ያገኛል ይላል። የአዲስ አበባ መብራት የጋጋሪው ጥፋት አይደለም።

ለወንድምየው የሠራው ስሌት ይህ ነው። የአንድ ጋጋሪን የወር ገቢ እንደገና 9,000 ብር እንበል። ለ208 ሰዓት (በሳምንት 48 ሰዓት ሲሠራ የወሩ ሰዓት) ሲካፈል የሰዓቱ 43 ብር ከ27 ሳንቲም ነው። ከንጋቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያለው አራት ሰዓት ትርፍ ነው። እስከ 12 ሰዓት ያለው ሦስቱ በ1.75፣ የመጨረሻው አንዱ በ1.5 ሲባዛ በሌሊት 292 ብር ይሆናል። በወር ለ26 ሌሊት 7,600 ብር ገደማ። ለሁለት ጋጋሪ ትርፍ ሰዓት በሕጉ ቢከፈል ከ15,000 ብር በላይ ነው። አንድ አዲስ ጋጋሪ ከ11 በመቶ የጡረታ መዋጮው ጋር 9,990 ብር ይፈልጋል። ወንድምየው ዝም ብሎ አየውና «እና ሰው እንጨምር» አለ።

በነገራችን ላይ ሌሊት መሥራት ብቻውን በአዋጁ ተጨማሪ ክፍያ አያስገኝም። 1.75ቱ የሚመጣው ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ነው። ይህን ለጋጋሪዎቹም በግልጽ ነገርናቸው። አንዳንዶቹ ሌላ ተነግሯቸው ነበር።

*ከዚያ መመደብ።* ሁሉንም ሰው በሥራው ባህሪ ለየነው። ኬክ፣ ሽያጭና ዳቦ ክፍል ላልተወሰነ ጊዜ። ለጥር ሠርግና ለፋሲካ ማግስት የሚጨመሩት እጆች ለወቅታዊ ሥራ፤ ወቅቱና ምክንያቱ ተጽፎ። ሒሳብ ሠራተኛው ሌሎች ድርጅቶችም አሉት፣ በራሱ ሰዓትና በራሱ ኮምፒውተር ይሠራል፤ የአገልግሎት ውል ይበቃዋል። ጥበቃዎቹ የኤጀንሲው ናቸው፤ እዚያ ያየነው የኤጀንሲውን ውል ብቻ ነው።

አከፋፋዮቹ ጋ ስንደርስ አንድ ዓይነት መልስ አልተገኘም። ሁለቱ በራሳቸው ባጃጅ ነው የሚሠሩት። ለሌላ ዳቦ ቤትም ይጭናሉ፤ ካልፈለጉ ቀርተው ሰው ይልካሉ። ሦስተኛው ግን የቤቱን ሞተር ይነዳል፣ መስመሩን ወንድምየው ያወጣለታል፣ ሲያረፍድ ይቀጣል። በአሠሪ አመራር ሥር ሆኖ የሚሠራ ሰው ክፍያው ኮሚሽን ቢባልም ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ተቀጠረ፤ ሁለቱ በአገልግሎት ውል ቀሩ።

ትሪ አጣቢዎቹን «ተለማማጅ» ማለት ወዲያው ቆመ። ማንም ምንም እያለማመዳቸው አልነበረም። አንደኛው ገና 17 ዓመቱ ነበር፤ ሌሊት ይሠራል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ወጣት ሠራተኛን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። በቀንም ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ልጁ ወደ ቀን ተዛወረ። እዚህ ላይ ክርክር አልነበረም፤ ሊኖርም አይገባም።

የሠራው

ፈረቃው ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ ሠርቷል። አንዱ ቡድን ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ ሌላው ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት። የመጀመሪያው የማታ ዳቦውን ይጋግራል፤ ለሌሊቱ ዱቄቱን መዝኖ፣ ማቡኪያ ማሽኑን አጽድቶ ያስረክባል። ለሌሊቱ ትራንስፖርት መፍትሔ ሆኖ የተገኘው መኪናው ነው። ምሽት 4 ሰዓት ላይ የዳቦ ማመላለሻው የሚገቡትን ሠራተኞች አምጥቶ የሚወጡትን ወደ ሰፈራቸው ይወስዳል። ነዳጅ ይበላል፤ ሰው ግን መቅረት ቀነሰ።

የጾሙን ችግር ያቃለለው የዓመት ፈቃድ ነው። የኬክ ክፍሉ ሠራተኞች ፈቃዳቸውን በዓቢይ ጾም ውስጥ ተራ በተራ እንዲወስዱ ፕሮግራም ወጣ። የቀሩት የጾም ኬክና ብስኩት ይሠራሉ፤ ሁለቱ ዳቦ ክፍል ተለማመዱ። እትዬ በየዓመቱ አሰናብተው ከፋሲካ በኋላ አዲስ ሰው ሲያሠለጥኑ የሚባክነውን ክሬምና የሚመለሰውን ቶርታ ያኔ ቆጥረውት አያውቁም ነበር። አሁን እሳቸው ናቸው ለሌላው የሚያወሩት።

በኩንታል ክፍያውም መሐል መንገድ ተገኘለት። መነሻ የወር ደመወዝ ተወሰነ፤ ከተወሰነ ኩንታል በላይ ለወጣው ተጨማሪ ይከፈላል። መብራት ሲጠፋ መነሻው አለ።

ያልሠራው

የመጀመሪያው ፈረቃ ከሽፏል። ቅያሬው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። የወጡት ዱቄት መጋዘን ውስጥ ተኝተው ነግቶ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ወረቀት ላይ 8 ሰዓት ሠርተዋል፤ ከቤታቸው የራቁት ግን ያው 12 ሰዓት ነው።

የፈረቃው ሰሌዳም ጉድ አፈላ። ወንድምየው ኮምፒውተር ላይ ሲሠራው በፈረንጅ ሰዓት አስገባው፤ «10፡00» የሚል ወጣ። አንድ ጋጋሪ ከቀኑ 10 ሰዓት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ምሽት» እና «ሌሊት» ሳይጻፍ ሰሌዳ አይለጠፍም።

ከሁሉ የከበደው ጡረታው ነው። ለ45 ቀንና ከዚያ በላይ በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው በጡረታ ሥርዓቱ መታቀፍ አለበት፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ። እኛ ለሠራተኛው ጥሩ ዜና ያመጣን መስሎን ነበር። ለ9,000 ብር ደመወዝተኛ ግን በወር 630 ብር ከኪሱ መጉደሉ ነው። የቤት ኪራይ የሚያሳስበው የ22 ዓመት አስተናጋጅ ስለ 60 ዓመቱ አያስብም። ሁለት ሰዎች በዚህ ምክንያት ለቀቁ። ለቀሩት እትዬ ትንሽ ጭማሪ አደረጉ፤ የተቆረጠውን ሁሉ ግን አልሸፈነም። ቅሬታው አሁንም አለ።

አንድ ሌላ ሐሳብም መጥቶ ነበር፤ ሒሳብ ሠራተኛው ያመጣው። ሁሉም ሰው «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ፣ ምንም ጥያቄ የለኝም» ብሎ ይፈርምና በማግስቱ እንደ አዲስ ይቀጠር፤ የድሮ አገልግሎቱ ይዘጋል። ይህን አልተቀበልኩም። ሰዎቹ አንድም ቀን ሥራ ሳያቋርጡ ለቀዋል የሚል ወረቀት፣ ያው የስምንቱ ውል ታሪክ ሲደገም ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሠራተኛው ወረቀት ማመን ያቆማል። ቀድሞውንም አላመኑንም ነበር። የቋሚነት ደብዳቤውን ስንሰጥ አንድ አንጋፋ ጋጋሪ «ለወንድሜ ልጅ ላስነብበው» ብለው ሳምንት ይዘውት ቆዩ። ተገቢ ነበር፤ እንዲያውም ሌሎቹም እንዲያስነብቡ ጊዜ ሰጠን።

የኋላው ትርፍ ሰዓት በሙሉ አልተከፈለም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አይቻልም ማለት ነው። የተከፈለው የስድስት ወሩ ነው፤ ያውም በሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ። አራትና አምስት ዓመት ሌሊቱን የቆሙት ሰዎች ይህን ፍትሕ ብለው አልተቀበሉትም። ሕጉ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ስሜታቸው ግን ይገባኛል።

ለሌላ ድርጅት የሚሻገረው

የውሉን ቅጽ ከመክፈት በፊት የሥራውን ሳምንትና ዓመት መሳል። ማን መቼ ይገባል፣ የትኛው ወር ይሞቃል፣ የትኛው ይቀዘቅዛል። ክሊኒክ፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ጋራዥ፣ ሆቴል፣ ሁሉም የራሱ ጾምና ፋሲካ አለው። ሥራው ሲቀንስ ግን አያልቅም፤ የሚቀንስ ሥራ ሰውን የዓመት ፈቃድ ማስወጣትንና ማዛወርን ይፈልጋል። የሚያልቅ ሥራ ብቻ ነው ለተወሰነ ጊዜ ውል የሚሆነው።

በዚህ ቤት አዲሱ ቅጽ ላይ የጨመርነው አንድ መስመር ነው፦ «ይህ ውል ለተወሰነ ጊዜ የሆነበት ምክንያት…»። ቀጣሪው ይህን መስመር በእውነት መሙላት ካቃተው ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ነው። ወንድምየው ሁለት ጊዜ ሊሞላው ሞክሮ ትቶታል። ሁለቱም ሰዎች ቋሚ ሆነው ገቡ፤ የ60 የሥራ ቀን ሙከራ በጽሑፍ ተቀምጦላቸው።

«ኮሚሽን»፣ «ተለማማጅ»፣ «በኩንታል»፣ «ኮንትራት» የሚሉትን ስሞች ወደ ጎን አድርጎ አራት ነገር መጠየቅ ይረዳል። ሰዓቱን የሚወስነው ማነው? መሣሪያው የማነው? ሰውየው ሌላ ቦታ መሥራት ይችላል? ቢቀር በራሱ ምትክ ሰው መላክ ይችላል? ለባጃጅ ነጂዎቹና ለሞተረኛው የተለያየ መልስ የሰጠን ይህ ነው።

ትርፍ ሰዓት በየቀኑ ካለ የጎደለ ሰው አለ ማለት ነው። አዋጁም ትርፍ ሰዓትን የሚፈቅደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሲያሰጋ፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ የቀረ ሰው ሲተካ በመሳሰለው ነው። የወሩን ትርፍ በትክክለኛው ተመን አስልቶ ከአንድ ሰው ደመወዝ ጋር ማስተያየት አንድ ቀን አይፈጅም።

ፈረቃ ሲወጣ ደግሞ የትራንስፖርቱ ሰዓት ከሥራው ሰዓት እኩል ይታይ። ሴት ሠራተኛ ያለበት ቤት ከሆነ ከዚያም በላይ። ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ እንዲሁም ትርፍ ሰዓት ማሠራት እንደማይቻል ሰሌዳ የሚያወጣው ሰው ማወቅ አለበት። በዚህ ቤት ሰሌዳውን አሁን የምታወጣው ያችው አንጋፋ ካሸር ናት። ወንድምየው አጽድቆ ይፈርማል፤ አንድ ቅጂ በር ላይ ይለጠፋል፤ አንድ ቅጂ በሠራተኛው ፋይል ይቀመጣል።